ሪሲቨሩ ሲነዝር፣ ኤችዲኤምአዩ ሲቃጠል

የዲሽ ሪሲቨራችሁ አስቸግሯችሁ ሶኬቱን፣ ፊዩዙን፣ የሪሞቱን ባትሪ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ሪሲቨሩ እየበራ የሚጠፋ ከሆነ የዲሹን ገመድ ከጀርባው ንቀሉ። ሲነቀል ከተረጋጋ ሾርቱ፣ ማለትም የሽቦዎቹ መነካካት፣ ገመዱ ላይ ነው። ሪሲቨሩ ወደ ኤልኤንቢው፣ ዲሹ ፊት ወደተሰቀለችው መቀበያ፣ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ ኮኔክተሩ ውስጥ ከዙሪያው ሽቦ አንዲት ፀጉር የመሃሉን ሽቦ ከነካች ይበቃል። ከሐምሌና ነሐሴ ዝናብ በኋላ ከሆነ ኤልኤንቢው ጋ ያለውን ጫፍ ክፈቱ፣ ውሃ ገብቶ ይሆናል። የጠቆረውን ቁረጡት እንጂ አታድርቁት።

የቤቱ አምፖል በድንገት ደምቆ ቴሌቪዥኑ ከጠፋ፣ ኒውትራል፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር፣ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ዋናውን ብሬከር አውርዱ፤ የመስመር ሰው ሳያየው አትመልሱ።

አሁን ማቆሚያ ወዳጣሁለት ጉዳይ ልምጣ። የሪሲቨሩን ብረት ወይም የዲሹን ገመድ ጫፍ ስትነኩ ይነዝራል፤ በባዶ እግር ይብሳል። ምስሉን ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወስደውን የኤችዲኤምአይ ገመድ ስትሰኩ ትንሽ ብልጭታ ትታያለች። ከዚያ ወዲያ ቴሌቪዥኑ «ሲግናል የለም» ብሎ ይቀራል።

ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር አንድ ቤት የተጠራሁት ሦስተኛው ሪሲቨር ከተገዛ በኋላ ነው። ሻጩ በቴሌቪዥኑ ያሳብባል፣ ዲሽ የሰቀለው ልጅ በሪሲቨሩ። የቮልት ሜትሬን ከሪሲቨሩ ብረት ወደ እርጥብ መሬት ብይዘው 104 ቮልት አሳየኝ። ሦስቱም ሪሲቨሮች ደህና ነበሩ። የሞተው የቴሌቪዥኑ መግቢያ ነው፣ የገደለውም ያ 104 ቮልት። ሰው ሦስት ጊዜ ገንዘቡን ሲያወጣ ሜትር የያዘ አንድም ሰው አለመኖሩ ያናድደኛል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የሪሲቨሩ መሰኪያ ባለ ሁለት እግር ነው፤ ግራውንድ፣ ማለትም ወደ መሬት የሚወርድ መስመር፣ የለውም። ውስጡ 220 ቮልት ያለበትን ጎን ከዝቅተኛው ጎን የምታያይዝ ትንሽ ካፓሲተር አለች፣ የኤሌክትሪክ ረብሻ እንድታጠፋ ሆን ተብላ የገባች። በእሷ በኩል ብረቱ ላይ የ220 ግማሽ ያህል ይቀመጣል። የሚያልፈው ከአንድ ሚሊ አምፒር በታች ስለሆነ ሰውን ነዝሮ ይተዋል፤ በ5 ቮልት ለሚሠራ ቺፕ ግን ሞት ነው። ባለ ቢጫ፣ ቀይና ነጩ የኤቪ ገመድ ይብሳል፤ ሲሰካ የመሃሉ እግር ከዙሪያው ቀለበት ቀድሞ ይነካልና።

ግን ንዝረት ሁሉ ካፓሲተር አይደለም! አዘዞ አንዲት እናት ልብስ ሲያሰጡ ነዘራቸው። የውጭ መብራት ገመድ በዲሹ ሥር አልፎ የቆርቆሮው ጠርዝ በልቶት ነበር፤ ጣሪያው በሙሉ ፌዝ፣ ማለትም 220 ያለበት መስመር፣ ሆኗል፣ የማስጫው ሽቦም አብሮ። ለመለየት ባለሙያ የሆናችሁ 40 ዋት ባለ ክር አምፖል በብረቱና በግራውንድ መካከል አገናኙ። ሜትሩ ወደ ዜሮ ከወረደ ካፓሲተሯ ናት። አምፖሉ ከበራ ብሬከሩን አውርዱ፣ ማንም ምንም አይንካ። ባለሙያ ያልሆናችሁ ይህን ፈተና አትሞክሩት።

መፍትሄው፦ ማንኛውንም ገመድ ከመሰካታችሁ በፊት የቴሌቪዥኑንም የሪሲቨሩንም መሰኪያ ከግድግዳ ንቀሉ። በሪሞት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። የዲቫይደሩ ማብሪያም አይታመንም፤ ብዙዎቹ አንዱን መስመር ብቻ ስለሚቆርጡ ፌዙ ሊቀር ይችላል። መጀመሪያ ኤችዲኤምአዩን፣ ቀጥሎ የዲሹን ገመድ ግጠሙ፤ መብራቱ መጨረሻ ላይ። ቴሌቪዥኑንም ሪሲቨሩንም ከአንድ ዲቫይደር ስኩ። ነጎድጓድ ሲመጣ የዲሹንም ገመድ ንቀሉ፤ መብራቱን ብቻ መንቀል አይበቃም።

ቀጥሎ ግራውንድ። የመዳብ ዘንግ፣ ከ1.5 ሜትር ያላነሰ፣ እርጥበት ባለበት ቦታ ይቀበር፤ የዲሹ ብረትና የሶኬቱ ግራውንድ ከእሱ ጋር ይያያዙ። ከውሃ ቧንቧ ጋር አታያይዙት፣ ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልን ከግራውንድ ጋር በአጭር ሽቦ የሚያያይዙ ሠራተኞች አሉ፤ ይህን ያደረገን ሰው ቤታችሁ አታስገቡ። ያ ኒውትራል በተቋረጠ ቀን የፍሪጁ፣ የምድጃው፣ የዲሹ ብረት ሁሉ 220 ይሆናል።

ማራኪው ቤት ዘንጉን የልብስ ማጠቢያው ውሃ ከሚፈስበት ሥር ቀበርነው። ዲሹን አያይዤ ሜትሩን ብመልስ 2 ቮልት። የተቃጠለውን ትተን በቴሌቪዥኑ ሁለተኛ ኤችዲኤምአይ መግቢያ ሰካነው፤ ምስሉ መጣ።