ሜሪላንድ ውስጥ ቢች ከመውጣታችሁ በፊት

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከባልቲሞር ተነስቶ ቼሳፒክ ቤይ ዳር መዋል ለሚያስብ ቤተሰብ፣ ከምግቡ ዝግጅት በፊት የሚቀድመው ያለፉትን ሁለት ቀናት ዝናብ ማየት ነው። ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ 48 ሰዓት እስኪሞላው ውኃ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ጎርፉ የመንገዱን ቆሻሻና የውሻ ዓይነ ምድር ጠራርጎ ቤዩ ውስጥ ይከተዋል፤ ውኃው ጥርት ብሎ ቢታይም ባክቴሪያ በዓይን አይለይም። የካውንቲ ጤና ቢሮዎች በጋውን ናሙና እየወሰዱ ይመረምራሉ፤ የትኛው ቢች እንደተዘጋ ከስቴቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ይታያል። ግን ናሙናው ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ቀን ያህል ስለሚፈጅ፣ ዛሬ የምታዩት ውጤት የትናንቱን ውኃ ነው የሚናገረው። ዝናቡን ቁጠሩ የምንለው ለዚህ ነው። ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ አይግባ።

ጁላይና ኦገስት ላይ እንደ ሳማ የሚለበልብ ጄሊፊሽ ቤዩን ይወረዋል። ትንንሽ ልጆች ካሉ ቡንስቦሮ አጠገብ ያለው የግሪንብራየር ሐይቅ ጨው አልባ ስለሆነ ከዚህ ያድናል።

ዓሣ ለማጥመድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጁን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎችና ጁላይ 4 ያለ ፈቃድ ይጠመዳል፤ የመጠንና የብዛት ገደቡ ግን በእነዚያም ቀናት አይነሳም። ትልቁ ስሕተት የሚሠራው ቤት ከተገባ በኋላ ነው። ድሮ ለኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ያገለግል የነበረው ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ዛሬም ከውኃው ሥር ጭቃው ውስጥ አለ፤ ከዚያ ወደ ዓሣው ስብ ይገባል። ስለዚህ ቆዳውን ግፈፉ፣ የሆዱን ስብና በጎኑ የሚሄደውን ጠቆር ያለ ሥጋ ቁረጡና ጣሉ፣ ስቡ እንዲንጠባጠብ በፍርግርግ ላይ ጥበሱ። እንደ አገር ቤት ሙሉውን ከነቆዳው ዘይት ውስጥ መጥበስ ይጣፍጣል፤ መርዙን ግን እዚያው ያስቀረዋል። ሌላው መርዝ፣ ሜርኩሪ፣ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀመጥ በመቁረጥ አይወጣም፤ መድኃኒቱ አለማዘውተር ብቻ ነው። ስቴቱ በየወንዙና በየዓሣው ዓይነት በወር ስንት ጊዜ መበላት እንደሚችል ሠንጠረዥ አውጥቷል፤ ለነፍሰ ጡርና ለልጆች የተለየውን ቁጥር ተመልከቱ።

አናፖሊስ አጠገብ ያለው ሳንዲ ፖይንት በበጋ ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ሞልቶ በሩ ይዘጋል። ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልግ እንደሆነ ከቤት ሳትወጡ የፓርኩን ገጽ ክፈቱ። 62 ዓመት የሞላቸው እናትና አባት ካሉ 10 ዶላር አንዴ ከፍለው የስቴት ፓርኮች መግቢያ የሆነውን ጎልደን ኤጅ ፓስ ያውጡላቸው፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አብሯቸው ያለው ሰው ግን የራሱን ይከፍላል።

ፓርኮቹ ውስጥ የቆሻሻ በርሜል አትፈልጉ፣ የለም። ሁለት ትልልቅ ፌስታል ያዙ፤ አንዱ ለቆሻሻ፣ ሌላው ለጣሳና ለፕላስቲክ። የቡና ከሰል ካለ ውኃ አፍስሱበት፣ አማስሉ፣ በእጅ እስኪነካ ድረስ ድገሙት። አሸዋ ውስጥ መቅበር ከሁሉ የከፋ ነው፦ ፍሙ ለሰዓታት ሳይጠፋ ይቆይና ከላይ ምንም ሳይታይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል።