የልጃችሁ የኦቲዝም ምርመራ ውጤት እጃችሁ ሲገባ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ካኪ ፖስታውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መጣሁ። ልጄ ደረቴ ላይ ተኝቷል። ፖስታው ውስጥ ዘጠኝ ገጽ እንግሊዝኛ አለ። ሐኪሟ በትዕግስት አስረድታኝ ነበር። ግን «ኦቲዝም» ካለች በኋላ ያለችው አንድም ነገር ጆሮዬ አልገባም። ቤት ስደርስ ወረቀቱን ፍራሽ ስር ከተትኩት። ሁለት ሳምንት እዚያው ከረመ።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ወረቀቱን ፍራሽ ስር ለከተተ ወላጅ ነው። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሁኑ ከሚሴ፣ አብሽሩ። ወረቀቱ ቀስ ተብሎ ሲነበብ ይገባል።

1. አብሯችሁ የሚያነብ ሰው ፈልጉ

ውጤቱ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው። ሰፈር ውስጥ እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ ጠርቶ ማስነበብ ይቀላል፤ ግን አታድርጉት። ተማሪው ቃሉን ይተረጉምላችኋል እንጂ ትርጉሙን አያውቀውም። እኔ አድርጌው «ልጁ አይማርም» ተብሎ የተጻፈ መስሎኝ አንድ ሌሊት ሙሉ አልቅሻለሁ። የተጻፈው «ለመማር ተጨማሪ እገዛ ያስፈልገዋል» ነበር።

የሚሻለው የመረመረው ባለሙያ ራሱ ነው። «ውጤቱን የምታስረዱኝ ሌላ ቀጠሮ ስጡኝ» በሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ መብታችሁ ነው። ሩቅ ከሆነ በስልክ ጠይቁ። እሱም ካልሆነ በአቅራቢያችሁ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ወይም የሕፃናት ክፍል ባለሙያ ፈልጉ። ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ይሰማል። እያንዳንዱን ገጽ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀት ይጠፋል።

2. ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩ

ሁላችንም የበሽታ ስም ፍለጋ ከፊት እንጀምራለን። እኔ ግን ከኋላ ጀምሩ እላለሁ። መጨረሻው ላይ «ምክረ ሐሳብ» የሚባል ክፍል አለ። ከነገ ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የንግግር ሕክምና፣ የጆሮ ምርመራ፣ የወላጅ ሥልጠና፣ ትምህርት ቤት፣ ሌላም ሊኖር ይችላል። እያንዳንዱን አስምሩበትና አጠገቡ «የት? መቼ? ስንት ብር?» ብላችሁ ጻፉ። መልሱን የማታውቁት ለቀጠሮው ጥያቄ ይሆናል። አዲስ አበባ እንጂ እዚህ የማይገኝ ነገር ከታዘዘ «ቤት ውስጥ በምን ልተካው?» ብላችሁ ጠይቁ።

3. ስሙንና ደረጃውን ለዩ

«ኦቲዝም ስፔክትረም» ሲባል ልጆቹ አንድ ዓይነት አይደሉም ማለት ነው። ሁለት ነገሮች ግን አብረው ይታያሉ። አንዱ ከሰው ጋር መግባባትና መቀራረብ ላይ ያለ ችግር ነው። ሁለተኛው መደጋገም ነው፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ፣ ለውጥን አለመውደድ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን ወይም ለልብስ ከመጠን በላይ ስሜታዊ መሆን።

ወረቀቱ ላይ ደረጃ 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ልታዩ ትችላላችሁ። ይህ አጻጻፍ በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ የመጣ ነው። ደረጃው የልጁን ዋጋ አይለካም። ምን ያህል እገዛ እንደሚያስፈልገው ነው የሚናገረው። 1 እገዛ፣ 2 ብዙ እገዛ፣ 3 በጣም ብዙ እገዛ። ለመግባባቱና ለመደጋገሙ የተለያየ ደረጃ ሊሰጥ ይችላል። ልጁ ሲያድግና ሲታገዝም ሊቀየር ይችላል። «ኤፍ 84.0» ወይም «6ኤ02» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለኦቲዝም የሰጠው የመዝገብ ቁጥር ነው።

4. ቁጥሮቹ ወዴት እንደሚቆጠሩ ጠይቁ

እኔን በጣም ያሳሳተኝ ይሄ ነው። አንዱ ምርመራ ላይ ቁጥሩ ሲበዛ ምልክቱ በዛ ማለት ነው። ሌላው ላይ ቁጥሩ ሲበዛ ልጁ ብዙ ይችላል ማለት ነው። ሳያውቁ ካነበቡት መልካሙን ክፉ ያደርጉታል።

ኤም-ቻት የሚባለው መጠይቅ 20 ጥያቄ አለው። ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ «ይመርመር» ማለት ብቻ ነው፤ ልየታ እንጂ ምርመራ አይደለም። በእሱ ብቻ «ልጃችሁ ኦቲዝም አለበት» ከተባላችሁ ሙሉ ምርመራ ጠይቁ። ካርስ የሚባለው 15 ነገሮችን አይቶ ከ15 እስከ 60 ነጥብ ይሰጣል፤ ሲበዛ ምልክቱ በዛ። ቫይንላንድ የሚለካው መልበስ፣ መብላት፣ መናገር፣ ከሰው ጋር መኖር የመሳሰለውን የዕለት ተዕለት ችሎታ ነው። እዚህ አማካዩ 100 ሲሆን ከፍ ያለው ይሻላል።

«5ኛ ፐርሰንታይል» ማለት ከመቶ 5 አገኘ ማለት አይደለም። በእድሜው ያሉ 100 ልጆች በተራ ቢቆሙ አምስቱ ያህል ከሱ በታች ናቸው ማለት ነው። «የንግግር እድሜው 18 ወር» የሚለውም የአራት ዓመት ልጃችሁን ሕፃን አያደርገውም። በዚያ አንድ ፈተና ያገኘው ነጥብ የ18 ወር ልጆች ከሚያገኙት ጋር ተቀራረበ ማለት ብቻ ነው። ሌላ ነገር ላይ እድሜውን ያህል ሊሆን ይችላል።

5. ፈተናው የእናንተን ቤት ያውቀዋል?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ምርመራዎቹ የተሠሩት ሌላ አገር፣ ለሌላ ቤት ነው። ውሸት ናቸው ማለቴ አይደለም። ግን ስለ ልጃችሁ ቤት መንገር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

አዶስ በሚባለው ምርመራ ባለሙያው ከልጁ ጋር እየተጫወተ ነው የሚያየው። በትንንሾቹ ክፍል ውስጥ የአሻንጉሊት ልደት ማክበር አለ። ሻማ እፍ ማለት፣ ኬክ መቁረጥ። እኛ ቤት ልደት ተከብሮ አያውቅም። ልጄ ሻማውን ዝም ብሎ ሲያየው ወረቀቱ ላይ «የማስመሰል ጨዋታ አልተጫወተም» ተብሎ ተጻፈ። በቀጠሮው ለሐኪሟ ነገርኳት። ልጄ ቤት ውስጥ ባዶ ሲኒ ይደረድራል፤ እሱ ምልክቱ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዳንዴ አንዷን አንስቶ «ጠጪ» እንደማለት የአያቱ አፍ ላይ ያደርጋታል። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ብዕሯን አነሳች። ምርመራው አልተቀየረም። ምክረ ሐሳቡ ግን ተቀየረ። «ጨዋታውን በሲኒ ጀምሩ» ብላ ጻፈችልኝ። ከአሻንጉሊት ኬክ ይልቅ የቡናው ረከቦት የልጄ መማሪያ ሆነ።

ዓይን ማየትም እንዲሁ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ ትልቅ ሰውን ትኩር ብሎ አያይም፤ ነውር ነው ተብሎ ያድጋል። ስለዚህ «ሐኪሙን አላየም» የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ይልቅ ይህን አስቡ። ደስ ሲለው ዞሮ እናቱን ያያል? «ያውና በሬው!» ብላችሁ ስትጠቁሙት ወደ ጠቆማችሁበት ያያል? ያገኘውን ነገር «እዩልኝ» ብሎ ያመጣል? እነዚህን ጽፋችሁ ውሰዱ።

ቋንቋም አለ። ከሚሴ አካባቢ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ የሚሰማ ልጅ በአማርኛ ብቻ ተጠይቆ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ይገለጽ። በሹካ ስለመብላት ተጠይቃችሁ «አይችልም» ብላችሁ ከሆነም እንጀራ በእጁ ጠቅልሎ እንደሚበላ ንገሯቸው።

6. ያልታየ ነገር ካለ ፈልጉ

የጆሮ ምርመራ ተደርጓል? ካልተደረገ መጀመሪያ እሱን አስደርጉ። የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት አይዞርም። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ይበልጥ ይታያል። ልጃችሁ ድንገት ፈዞ የሚቀር፣ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በስልክ ቀርጻችሁ ለሐኪም አሳዩ። ሌላው፣ ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ ወይም ራጅ የለም። «በደም እናየዋለን» የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን አትስጡት።

7. ለቤተሰብ መንገር

ወረቀቱን አንብባችሁ ሳትጨርሱ ለጎረቤት አትንገሩ። ቡናው በረካ ላይ ሳይደርስ መቶ ምክር ይመጣል። ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው፣ እናቱ ስላላወራችው ነው፣ ክትባት ነው። አንዱም እውነት አይደለም። ኦቲዝም ከአስተዳደግ አይመጣም፣ ክትባትም አያመጣውም፤ በዘር የሚወረስ ነገር ትልቅ ድርሻ አለው። እናትየዋን ማንም እንዲወቅስ አትፍቀዱ።

አያቶችን ግን አስቀምጣችሁ ንገሯቸው። «እማማ፣ ልጁ እርስዎን ጠልቶ አይደለም የማይዞረው። ነገሩ የሚገባው በሌላ መንገድ ነው። ሲጠሩት ፊቱ ተቀምጠው በቀስታ ይጥሩት።» ጸበል የሚወስድም ዱዓ የሚያስደርግም ወላጅ አለ። ወሎ ውስጥ ሁለቱም አንድ ቤት ይገኛሉ። እኔ አልከለክልም። ግን ልጁ አይታሰር፣ አይመታ፣ አይራብ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ አንድ ቀንም አይቋረጥ።

እንደናንተ ያለ ወላጅም ፈልጉ። አዲስ አበባ ያለውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። እኔ የመጀመሪያዋን ጓደኛዬን ያገኘሁት ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ዛሬም በየሳምንቱ እንደዋወላለን።

8. የወረቀቱን ጀርባ እናንተ ጻፉበት

ውጤቱ የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ልጁ ያን ቀን ከመኪና ወርዶ፣ ደክሞት፣ የማያውቀው ክፍል ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ጀርባው ላይ ቀን እየጻፋችሁ ቤት ያያችሁትን መዝግቡ። አዲስ ቃል፣ ያስለቀሰው ድምፅ፣ የተኛበት ሰዓት። አጭር ይሁን። በቀጣዩ ቀጠሮ መጀመሪያ ያን ገጽ አሳዩ።

የኔ ወረቀት ጀርባው ሞልቶ ሌላ ወረቀት ሰፍቼበታለሁ። የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 12። አያቱ እጇን ስትዘረጋ ሲኒውን ሰጣት። ቀና ብሎም አያት።»