ለወራት የቆመ ፕሮጀክት እንዴት ይነሳል?

ፋይሉን ከፍተህ ወዲያው ሥራ አትጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ለማንበብ ብቻ ስጠው። የድሮ ኢሜይሎችን፣ የስብሰባ ማስታወሻዎችንና መጨረሻ ላይ የነካሃቸውን ፋይሎች በቀናቸው ደርድርና እያነበብክ ምን እንዳለቀ፣ ምን ተጀምሮ እንደቀረ፣ ማን መልስ እየጠበቀ እንደሆነ በአንድ ገጽ ላይ ጻፍ። ፓስዎርዶችህ መሥራታቸውንም ያኔውኑ አረጋግጥ።

ከዚያ ሰዎቹን አነጋግር። አንተ በሌለህበት ቀነ ገደቡ ተገፍቶ፣ በጀቱ ተቀንሶ ወይም ኃላፊው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ማንም የማይፈልገው ነገር ላይ ሁለት ሳምንት ማቃጠል ደግሞ በጣም ያማል፣ እኔ ደርሶብኛል። "ይሄ ሥራ አሁንም ይፈለጋል ወይ?" ብለህ በግልጽ ጠይቅ። ማፈር የለም።

የድሮ ሥራህን ስታየው ሁሉንም አፍርሰህ ከዜሮ መጀመር ያምርሃል። ቆይ! ያኔ እንደዚያ የወሰንከው በምክንያት ነው፣ ምክንያቱን ረስተኸው ይሆናል እንጂ። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ባለበት ሥራበትና ከዚያ ፍረድ።

መጀመሪያ የምትጨርሰው ነገር ትንሽ ይሁን፣ በአንድ ሰዓት የሚያልቅ። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ ነገ ከየት እንደምትቀጥል አንድ መስመር ጽፈህ ተው።