ጨረር ሲጀመር ደህናውን አካል የሚጠብቁ መድኃኒቶች፦ እንዴት ይሰራሉ፣ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ

ቤታችሁ ውስጥ ጨረር የታዘዘለት ሰው ካለ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ካንሰሩን ይግደለው፣ ደህናውን አካል ግን ምን ያደርገዋል» የሚለው ነው። ይነካዋል። ማሽኑ የቱንም ያህል ቢያነጣጥር ጨረሩ የካንሰሩ እጢ ጋ የሚደርሰው ደህናውን ሥጋ አልፎ ነው፣ አፍና አንገት አካባቢ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ሰባት ሳምንት ይሰጣል፣ ድምሩ እስከ 70 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ይደርሳል፣ እና መንገድ ላይ ያሉት ምራቅ አመንጪ እጢዎች ቶሎ ይጎዳሉ። እኔም በብዛት የማወራው ስለዚህ አካባቢ ነው፣ ምክንያቱም አሚፎስቲን የሚባለው በደንብ የተጠናው መድኃኒት ስሙ የገነነው እዚህ ላይ ነው።

አሰራሩ ካልገባችሁ ቀጥሎ ያለው ምክር ሁሉ ባዶ ትእዛዝ ስለሚመስል ትንሽ ታገሱኝ። ጨረር ሴል ውስጥ ሲገባ ዲኤንኤውን በቀጥታም ይመታል፣ ግን አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው በውሃ በኩል ነው፣ ሴል በብዛቱ ውሃ ስለሆነ ጨረሩ ውሃውን ይሰባብረውና ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ያገኙትን ሁሉ የሚያጠቁ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፣ ዲኤንኤውን የሚቆራርጡት እነሱ ናቸው። አሚፎስቲን ሰልፈር ያለበት መድኃኒት ነው፣ ቅንጣቶቹ ዲኤንኤ ጋ ሳይደርሱ ይይዛቸውና ያከሽፋቸዋል።

«እንዴ፣ ታዲያ ካንሰሩንም ሊከላከልለት ነዋ?» ካላችሁ ትክክል አስባችኋል፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ሲገባ ገና አይሰራም፣ የተቆለፈ ሳጥን በሉት፣ የሚከፍተው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ይሄ ኢንዛይም ደግሞ በጤነኛ ደም ስሮች ግድግዳ ላይ በብዛት አለ፣ የካንሰሩ እጢ ውስጥ ግን ደም ስሩ የተዘበራረቀ ነው፣ አካባቢውም አሲድ ይበዛዋል፣ ስለዚህ እዛ በደንብ አይከፈትም። ጥሩ መከላከያ የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ደህናውን ከታመመው የሚለይ ነው፣ ሁለቱንም እኩል የሚጠብቅ ከሆነማ ጨረሩን መውሰዱ ምን ዋጋ አለው።

መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሰራው ለካንሰር በሽተኛ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ? በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን ከኑክሌር ጨረር ለማዳን ብሎ ዋልተር ሪድ በሚባለው የምርምር ተቋሙ ከ4,000 በላይ ውህዶች ሞክሮ ካገኛቸው አንዱ ነው። የአሜሪካው መድኃኒት ፈቃጅ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤ በ1995 ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ ኩላሊት እንዳይጎዳ ፈቀደው (እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)፣ በ1999 ደግሞ ከጨረር ለሚመጣ የአፍ መድረቅ። በ2000 በወጣው ትልቁ ጥናት ላይ በህክምናው ሰሞን ከበድ ያለ የአፍ መድረቅ ያገኛቸው ሰዎች ድርሻ በመድኃኒቱ ከ78 በመቶ ወደ 51 ወርዷል፣ ቆይቶ የሚቀረው ደግሞ ከ57 ወደ 34። የአፍ ቁስሉን ግን እምብዛም አልቀነሰውም። ስለዚህ ምራቅ ይጠብቃል እንጂ ተአምር አይሰራም።

አሁን ወደ ስራው። ሐኪሙን መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ መድኃኒቱ ሳይሆን ስለ ማሽኑ ይሁን፣ «ጨረሩ የሚሰጠው በአይኤምአርቲ ነው ወይ» በሉ። ይሄ ዘዴ የጨረሩን ቅርጽ እያስተካከለ የምራቅ እጢዎቹን ስለሚያተርፍ ባለበት ቦታ አሚፎስቲን እየቀረ ነው የመጣው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ምርጫ ያለው ሰው ቢቻል ይሄንን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

አሚፎስቲን ከታዘዘ ከዋዜማው ጀምሮ ውሃ በደንብ ይጠጣ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም አሚፎስቲን ራሱ ግፊት ያወርዳል፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የግፊቱ ኪኒን ከ24 ሰዓት በፊት ይቆማል (በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሐኪሙ ይወስን)። መርፌው ላይ በጀርባ ተጋድሞ ነው፣ ማስታወክ ስለሚያመጣ ቀድሞ የማስታወክ መከላከያ ይሰጣል፣ ከዛ መድኃኒቱ በደም ስር በሦስት ደቂቃ ገደማ ይገባል፣ ነርሷ ግፊቱን ከመርፌው በፊት ለክታ እንዳለቀ ወዲያው ደግማ ትለካለች። ልክ እንዳለቀ ዘሎ መነሳት የለም፣ ራስ ያዞራል። ጨረሩ ከመርፌው በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ መሰጠት አለበት፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚቆየው። በዚህ ምክንያት መርፌው ከመወጋቱ በፊት «ማሽኑ እየሰራ ነው? ተራችን ደርሷል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አታፍሩ፣ ተወግቶ ሁለት ሰዓት ወረፋ ላይ ቢቀመጥ ማስታወኩ ብቻ ነው የሚተርፈው። ሽፍታ ወይም የአፍና የዓይን መላላጥ ካያችሁ ደግሞ እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቆዳ ላይ አደገኛ ምላሽ የሚያመጣበት ሰው አለ።

እና ውጪ ያላችሁ ዘመዶች፣ ይሄንን በሻንጣ ልላክ ምናምን አትበሉ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ዱቄት ነው፣ ሳይበጠበጥና ግፊት የሚለካ ባለሙያ ሳይኖር የሚሰጥ ነገር አይደለም።

በሻንጣ የሚመጣው ሌላው ነገር ቫይታሚን ነው፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አንቲኦክሲደንት ፍሪ ራዲካል ይይዛል» የሚለው ማስታወቂያ ልክ ነው፣ ችግሩ እንደ አሚፎስቲን አይለይም። ካናዳ ውስጥ የአፍና የአንገት ካንሰር ያለባቸው 540 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2005 ወጣ፣ ቫይታሚን ኢ 400 ዩኒት በቀን፣ መጀመሪያ ላይ ቤታካሮቲንም አብሮ ነበር። የወሰዱት ሰዎች በጨረሩ የደረሰባቸው ከባድ ጉዳት ቀንሷል፣ ግን ካንሰሩ እዛው ቦታ ላይ የመመለስ አዝማሚያ አሳየ፣ ሞትም በነሱ ላይ በዛ። ስለዚህ ጨረሩ እስኪያልቅ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን አቁሙ፣ በዱቄት ተፈጭቶ «ለካንሰር ፍቱን ነው» ተብሎ የሚሸጠውንም ቅጠል ሁሉ ለሐኪሙ አሳዩት፣ ቢቆጣም ይቆጣ። ብርቱካን አትብሉ ማለቴ አይደለም እኮ፣ የምግቡ መጠን ሌላ ነው።

አፍን በተመለከተ ቤት ውስጥ የሚሰራው ስራ ከመድኃኒቱ አይተናነስም። ከጨረሩ በፊት ጥርስ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ የሚነቀል ካለ ቀድሞ ተነቅሎ ይዳን፣ ከጨረር በኋላ ጥርስ መንቀል መንጋጋው አጥንት ላይ የማይድን ቁስል ሊያመጣ ይችላል። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አድርጋችሁ በቀን ደጋግሞ ይጉመጥመጥ። ቤንዚዳሚን የሚባል መጉመጥመጫም አለ፣ ለአፍ ቁስል ጥሩ ማስረጃ ካላቸው አንዱ ነው። ማርም እንዲሁ ተጠንቶ ለመከላከል ይመከራል፣ ስኳር ያለበት ሰው ግን አይንካው፣ ሌላውም ከማሩ በኋላ አፉን ይታጠብ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ አልኮል፣ ሲጋራና ጫት ይቅሩ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ቀዝቀዝ ያለ ሾርባ፣ አልጫ ፍትፍት፣ እርጎ ይሁን ምግቡ፣ ጾም ከሆነ ለንስሐ አባት ተናግራችሁ አስፈቱ፣ ምክንያቱም ሰውየው ከከሳ ፊቱ ላይ የሚታሰረው ጭምብል ይሰፋዋል፣ ጭምብሉ ከሰፋ ጭንቅላቱ ይንቀሳቀሳል፣ ጨረሩ ያልታሰበለት ቦታ ያርፋል፣ አንዳንዴም ልኬቱ እንደ አዲስ መሰራት አለበት።

ሌላ ቦታ ለሚሰጥ ጨረር በአጭሩ፦ ለማህፀን በር ካንሰር ዳሌ ላይ የሚሰጥ ከሆነ አንጀት ይቆጣል፣ ሰልፋሳላዚን 500 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ለዚህ ሲመከር ቆይቷል፣ በኋላ የወጣ ጥናት ግን ጥቅም አላገኘበትም፣ ስለዚህ ሐኪሙን ጠይቁ፣ ሰልፋ አለርጂ ካለ ግን አይሆንም። ጡት ላይ ከሆነ ሞሜታዞን የሚባለው ቅባት የቆዳውን መቃጠል ይቀንሳል። ጭንቅላት በሙሉ ሲሆን ሜማንቲን የሚባለው የመርሳት በሽታ ኪኒን ጨረሩ ሲጀመር ተጀምሮ ለስድስት ወር ገደማ ይሰጣል፣ የማስታወስ ችሎታን ለመጠበቅ። ሦስቱም በሐኪም ትእዛዝ ነው።

ጨረሩ አልቆ አፉ እንደደረቀ ከቀረ ደግሞ ፓይሎካርፒን 5 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ የተረፈውን የምራቅ እጢ ቀስቅሶ ምራቅ ያስወጣል፣ ላብም አብሮ ያስወጣል እንግዲህ። አስም ወይም ግላኮማ ያለበት ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ እንዳይጀምረው፣ ውጤቱን ለማየትም እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ በሳምንቱ «አልሰራም» ብላችሁ አትጣሉት።