ጀርመን ለመጣችሁ፦ በሹክሹክታ ለሚጠየቀው ጥያቄ

አዲስ የመጡ ልጆች ስለ ካምፕ፣ ስለ ቋንቋ ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ በግልጽ ይጠይቁኛል። አንዱ ጥያቄ ግን ሁሌ በሹክሹክታ ነው የሚመጣው፦ «ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር ሰው እዚህ ምን መብት አለው?» ዛሬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልመልስ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በእስራት ያስቀጣል። ጀርመንም አንቀጽ 175 የሚባል ሕግ ነበራት። ጨርሶ የተሰረዘው በ1994 ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው። አሁን በዚህ ምክንያት የሚሳደድ ሰው ጥገኝነት መጠየቅ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2013 «አገርህ ተመለስና ተደብቀህ ኑር» ማለት አይቻልም ብሎ ወሰነ። በ2014 ደግሞ ስለ መኝታ ቤት ዝርዝር መጠየቅንና ቪዲዮ በማስረጃነት መቀበልን ከለከለ። አፍሮ ዘግይቶ የተናገረ ሰውም ስለዘገየ ብቻ ውሸታም አይባልም።

ቢሆንም ከመጀመሪያው ተናገሩ። አንድ ልጅ አውቃለሁ። ኢንተርቪው ሲገባ አስተርጓሚው ሀበሻ ሆነበት። ወሬው ሰፈር የሚደርስ መሰለውና ዋናውን ነገር ዋጠው። ጉዳዩ ውድቅ ሆነ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም አስተርጓሚ እንዲቀየር መጠየቅ ይቻል ነበር። ባምፍ (የጥገኝነት ጥያቄን የሚያየው የጀርመን መሥሪያ ቤት) ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ የሠለጠኑ ጠያቂዎች አሉት። ከቀጠሮው ቀን በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። የምትናገሩትን ለአገራችሁ መንግሥት አያስተላልፉም። አስተርጓሚው በስድብ ቃል ከተረጎመ እዚያው ተናገሩ፣ ይመዝገብላችሁ። ቃላችሁ በአማርኛ ተመልሶ ሳይነበብላችሁ ደግሞ በፍጹም እንዳትፈርሙ።

ወረቀት ከተገኘ በኋላ ያለው ይቀላል። ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶች በሕግ መጋባት ይችላሉ። ትራንስጀንደር የሆነ ሰው ከኖቬምበር 2024 ወዲህ ሽታንደስአምት (ልደትና ጋብቻ የሚመዘገብበት ቢሮ) ሄዶ ስሙንና ፆታውን ማስቀየር ይችላል፤ ከሦስት ወር በፊት ማሳወቅ አለበት። ጥገኝነቱ ገና ያልተወሰነለት ግን መጠበቅ ግድ ነው። አለቃ በዚህ ምክንያት ከሥራ ቢያባርር በ2006 የወጣ የፀረ አድልዎ ሕግ አለ። ካሳ ለመጠየቅ ያላችሁ ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ነው፣ ያውም በጽሑፍ። ስለዚህ አትዘናጉ።

«እኔን አይመለከተኝም» ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል አራት አምስት ሆነን እንኖራለን። አብሮህ የሚያድረው ልጅ አምኖህ የነገረህን ለማንም አታውራ። አገር ቤት ደውለህ ያወራሃት አንዲት ቃል ሰፈሩ ትደርሳለች፤ መከራውን የሚያዩት እዚያ ያሉት እናቱ ናቸው።