ለመጽሐፍ የሚሆን ሥዕል እንጨት ላይ እንዴት ይቀረጻል?

ያልተነካ እንጨት ቀለም ተቀብቶ ሲታተም ድፍን ጥቁር ይወጣል። የቀረጻችሁት መስመር ሁሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ ሥራ ላይ የምትስሉት ብርሃኑን ነው፤ ጥላው ከመጀመሪያውም አለ።

በመጀመሪያ እንጨቱን ምረጡ። የሚፈለገው በአግድም የተቆረጠ፣ የግንዱ ክቦች የሚታዩበት ፊት ነው። በዚህ ፊት ላይ መቅረጫ መሣሪያው ወደፈለጋችሁበት ይታጠፋል፤ እንጨቱ አይሰነጠቅም። ምርጡ ቦክስዉድ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነው፣ ሜፕል የሚባለውም ዛፍ እንጨት ያስኬዳል። ውፍረቱ 23.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ይህ ጽሑፍ ለማተም የሚደረደሩት የብረት ፊደላት ቁመት ነው። ሥዕሉና ጽሑፉ በአንድ ጊዜ የሚታተሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ግን ለብቻው ሌላ ማተሚያ ይፈልጋል። እንግሊዛዊው ቶማስ ቢዊክ እ.ኤ.አ. በ1790 ያሳተመው የእንስሳት መጽሐፍ ዘዴውን በሰፊው ያሳወቀው ይህን ጥቅም ይዞ ነው።

ፊቱን በደንብ አለስልሱና በስሱ ጥቁር ቀለም ቀቡት። ከዚያ ንድፉን ገልብጣችሁ አስፍሩ፤ ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። እንጨቱን አሸዋ በሞላ የቆዳ ትራስ ላይ አስቀምጡ። የመቅረጫው እጀታ መዳፋችሁ ውስጥ ይረፍ፣ አውራ ጣታችሁ እንጨቱን ይደገፍ። ጠማማ መስመር ስትፈልጉ መሣሪያውን አታዙሩ፤ በሌላኛው እጅ እንጨቱን አዙሩት። ጫፉን በጣም ካቀናችሁት ይቀረቀራል፣ በጣም ካጋደማችሁት ደግሞ ይንሸራተትና ሥዕሉ ላይ ጭረት ይተዋል። የተጫረ መስመር አይደለዝም፣ ስለዚህ ቀስ በሉ።

የወፍ ክንፍ እንበል። ከላባው መሃል ወደ ዳር ቀጫጭን መስመሮች አውጡ። ብርሃን የሚያርፍበት ላይ አቀራርቡ ወይም አወፍሩ፤ ከሥር ጥላው ጋ አራርቁና ተዉት። ግራጫ ቀለም የለም፣ ዓይን ነው ግራጫ የሚያደርገው። ጀማሪ አብዝቶ ይቀርጻል፤ እኔ ብሆን ከሚያስፈልገው ጥቂት ቀደም ብዬ አቆማለሁ። ሥራው ምን እንደሚመስል ለማየት የሕፃን ፓውደር መስመሮቹ ውስጥ እሹበት።

ለሙከራ ህትመት ወፈር ያለ የማተሚያ ቀለም በሮለር በስሱ ቀቡ። ለስላሳ ስስ ወረቀት አልብሱና በማንኪያ ጀርባ እሹት። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከደፈኑ ቀለሙ በዝቷል ማለት ነው። ሲጨርሱ በጨርቅና በጥቂት ነጭ ጋዝ ያጽዱት። ውሃ ግን አታስነኩት፤ እንጨቱ ያብጥና ይጣመማል።