ከአንድ ንድፍ ብዙ ጌጥ፦ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለጥምቀት የሚሆኑ የወረቀት ሥራዎች

ጳጉሜን ሲገባ የጎንደር ልጆች ወረቀትና ቀለም ፍለጋ ይጀምራሉ። ሴቶቹ ለአበባየሆሽ ሲዘጋጁ፣ ወንዶቹ የአዲስ ዓመት ሥዕል ሥለው ቤት ለቤት ለማደል ይሽቀዳደማሉ፤ መልአክ፣ ፀሐይ፣ አደይ አበባ፣ ፈረሱ ላይ የተቀመጠ ቅዱስ ጊዮርጊስ። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ በዋዜማው ማታ ተጀምሮ በጥድፊያ ያልቃል። ቀለሙ ሳይደርቅ ይደራረባል፣ ወረቀቱ ይጨማደዳል፣ ሥዕሉም ለጎረቤት ሁሉ አይዳረስም። መላው ቀላል ነው፦ አንድ ጥሩ ንድፍ በጥቁር መስመር አንድ ጊዜ ይሠራ፣ በፎቶ ኮፒ ይባዛ፣ ልጆቹ ቀለሙንና መቀሱን ይያዙ። ዋናው ንድፍ ሳይታጠፍ ክላሰር ውስጥ ከተቀመጠ ለከርሞም ያገለግላል።

ንድፉና ፎቶ ኮፒ ቤቱ

በእርሳስ ንደፉ፤ መስመሩን በጥቁር እስክሪብቶ ወይም በቀጭን ማርከር አድምቁት፤ ሲደርቅ እርሳሱን በላጲስ አጥፉ። እርሳሱ ሳይጠፋ ኮፒ ከተደረገ ማሽኑ ግራጫ እድፍ አድርጎ ያወጣዋል። ሰማያዊ እስክሪብቶም አንዳንድ ማሽን ላይ ስለሚደበዝዝ ጥቁሩን ምረጡ።

ኤ4 ወረቀት 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር ነው። በቁመቱም በወርዱም ከመሐል ብትከፍሉት እያንዳንዳቸው 10.5 በ14.8 የሆኑ አራት ካርዶች ይወጡታል። ማተሚያ ማሽኖች እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ስለማያትሙ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉ፤ አለዚያ የመልአኩ ክንፍ ጫፍ ተቆርጦ ይቀራል።

ንድፉን በኮምፒዩተር የሠራ ሰው በፒዲኤፍ ይዞ ይሂድ። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ጽሑፍ በዎርድ ፋይል ከሄደና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ያንኑ የግዕዝ ፎንት ካልያዘ፣ ጽሑፉ ሳጥን ሳጥን ወይም ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ የተላከ ጥራቱ ተቀንሶ መስመሩ ይሻክራል። ለአታሚው «ሳይቀነስ፣ ሳይጨመር፣ መቶ በመቶ» በሉት። ማሽኑ ከገጹ ጋር እንዲያመጣጥን ከተተወ በጥቂቱ ያሳንሰዋል። ለሚቀባ ሥዕል አይጎዳም፤ ተቆርጦ ለሚገጣጠም ሥራ ግን ልኩ ይፋለሳል።

የፎቶ ኮፒና የሌዘር ማተሚያ ቀለም ዱቄት ነው። በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚጣበቅ የውሃ ቀለም ቢቀባበት አይለቅም። ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የታተመው ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ ሲነካው ይፈስሳል። ስለዚህ ልጆቹ በውሃ ቀለም የሚሠሩ ከሆነ ቅጂው ፎቶ ኮፒ ይሁን።

መልአኩ

የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሰው ንድፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለበትም። ከ100 በላይ የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተሥለውበታል፤ ፊት፣ ጸጉር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ግራና ቀኝ ክንፍ። አካል ስለሌላቸው ለልጅ እጅ የሚመች ሥዕል ነው።

በአንዱ ካርድ መሐል 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የእንቁላል ቅርጽ ሥሩ። ዓይኖቹን እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር አድርጉ፤ ክንፎቹ ከአገጩ ሥር ተነሥተው ወደ ጎን ይዘርጉ። ብሌኑን ግን ንድፉ ላይ አትሣሉት። ዓይኑ ባዶውን ይባዛና ጥቁሩን ነጥብ እያንዳንዱ ልጅ ራሱ ያስቀምጥ። አንዱ ወደ ቀኝ ያይለታል፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ጎረቤቱ፤ ከአንድ ንድፍ የወጡ 20 መላእክት 20 ዓይነት ፊት ይኖራቸዋል። የሥላሴዎቹም መላእክት ቢሆኑ ፊታቸው አንድ ዓይነት አይደለም።

በጳጉሜን አየሩ ገና እርጥብ ስለሆነ 80 ግራም የሚባለው ተራ የኮፒ ወረቀት የውሃ ቀለም ሲነካው ይጎብጣል። ከመቀባታችሁ በፊት አራቱንም ጠርዝ ጠንካራ ካርቶን ላይ በፕላስተር ለጥፉት፤ ብሩሹም ርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠባጠብ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ፕላስተሩን ወደ ጎን ቀስ ብላችሁ ላጡና ሥዕሉን በሁለት ንጹሕ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ወፍራም መጻሕፍት ጫኑበት፤ ሲነጋ ተስተካክሎ ታገኙታላችሁ። እርጥቡን ከጫናችሁት ግን ከላዩ ወረቀት ጋር ይጣበቃል።

ቀለም ካለቀ ወጥ ቤት ግቡ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ፈላ ውሃ በጥብጣችሁ በጨርቅ ብታጠሉት ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ወፍራም የጀበና ቡና ደግሞ ለፊትና ለክንፍ የሚሆን ቡናማ ይሰጣል። እርድ ሳሙና ከነካው ወደ ቀይ ይለወጣልና ብሩሹን በሳሙና ካጠባችሁ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ፀሐይ ላይ ስለሚደበዝዝም መስኮት ላይ ለሚሰቀል ጌጥ አይሆንም፤ በእጅ ለሚታደል ሥዕል ግን ይበቃል።

አደይ አበባ

ቢጫ ኤ4 ወረቀት በወርዱ ሦስት፣ በቁመቱ አራት ጊዜ በ7 ሴንቲ ሜትር ብትከፍሉት 12 አራት ማዕዘኖች ይወጡታል፤ ከአንድ ወረቀት 12 አበባ ማለት ነው። የእያንዳንዱን መሐል በእርሳስ ነጥብ ምልክት አድርጉ። ለሁለት እጠፉ፣ እንደገና ለሁለት እጠፉ፣ ከዚያ ነጥቡን ጫፍ አድርጋችሁ በሰያፍ ወደ ሦስት ማዕዘን እጠፉት። አሁን ስምንት ድርብ ይዛችኋል። ከአንዱ እጥፋት እስከ ሌላው እንደ ጥፍር ጫፍ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ መቁረጫው በሁለቱም እጥፋት ላይ ወደ ነጥቡ ዝቅ ይበል፣ ነገር ግን 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ይቁም። ሲከፈት ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፤ ነጥቡ የሌለበትን ጫፍ እንደ መሐል ይዞ ይቆርጣል፣ ወይም እስከ ጫፉ ይዘልቃል፣ አበባውም ስምንት ቁራጭ ሆኖ ይረግፋል። የእርሳሱ ነጥብ ያስፈለገው ለዚሁ ነው። ስምንት ድርብ ለትንሽ ልጅ መቀስ ይከብዳል፤ ከሰባት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትልቅ ሰው ይቁረጥለትና እሱ ቅጠሎቹን በእርሳስ ጠቅልሎ ወደ ላይ ያጉብጥ። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ቢጫ ክብ ለጥፉና በደረቅ የሣር አገዳ ላይ አጣብቁት።

ሙጫው

ለትንንሽ ሥራ ኮላ አለ፤ ብዙ ለሚሠራ ቤት ግን የዱቄት ሙጫ ይበቃል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአራት የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ እብጠት እስኪጠፋ በጥብጡ። አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍልታችሁ ብጥብጡን ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ በለስላሳ እሳት ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ አማስሉት፤ ነጭነቱ ጠፍቶ ሲያብረቀርቅ አውርዱት። ደረቁን ዱቄት ፈላ ውሃ ውስጥ መነስነስ ጓጓላ ያደርገዋል። የጤፍ ዱቄት ነጠብጣብ ስለሚተው አይሆንም። ሙጫው በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚኮመጥጥ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ሥሩ፣ ስትቀቡም ስስ አድርጉት፤ ወፍራሙ ወረቀቱን ይሸበሽበዋል።

የፋሲል ግንብ ካርድ

ሲከፈት ግንቡ ብድግ የሚልበት ካርድ ነው፤ የጎንደር ልጅ ለሩቅ ዘመዱ ቢልከው የሚያምር። ከሁሉም በላይ ልክ የሚፈልገውም ይኸው ነው።

ከ160 እስከ 200 ግራም የሆነ ወፍራም ኤ4 ወረቀት ለሁለት እጠፉ፤ 21 ስፋት፣ 14.8 ቁመት ይሆናል። ከማጠፋችሁ በፊት መስመሩን ቀለም ባለቀበት እስክሪብቶ በማስመሪያ ጫን እያላችሁ አስምሩበት። ወፍራም ወረቀት ክሮቹ በአብዛኛው በረጅሙ ጎን አቅጣጫ ስለሚተኙ በአጭሩ በኩል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ መስመሩ ስንጥቁን ይከለክላል። በእጥፋቱ ላይ ጥቁር የሞላ ሥዕል እንዳይታተም፤ የፎቶ ኮፒ ቀለም ሲታጠፍ ይረግፋል።

በእጥፋቱ ጠርዝ ላይ ከግራ ጀምራችሁ በ6፣ በ8፣ በ13 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርጉ። ከእያንዳንዱ ምልክት ሁለቱንም ድርብ አንድ ላይ ይዛችሁ 3 ሴንቲ ሜትር ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በ6 እና በ8 መካከል፣ በ13 እና በ15 መካከል ያሉትን ሁለት ጥብጣቦች ወደ ፊትም ወደ ኋላም አጥፋችሁ አላሟቸው። ካርዱን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ግፏቸው፤ ሁለት ትንንሽ ደረጃዎች ይሆናሉ።

ግንቡን በሌላ ወረቀት 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት አድርጋችሁ ሣሉ፤ ግራና ቀኝ ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች፣ በመካከላቸው ጥርስ ጥርስ የሚመስለው የግንቡ አናት፣ ከላይ ከፍ ያለው ማማ። ቆርጣችሁ በደረጃዎቹ ፊት ላይ ብቻ ለጥፉት፣ ግርጌው ከታችኛው እጥፋት ጋር ይግጠም። ወለሉን ሙጫ ከነካው ካርዱ አይዘጋም።

ካርዱ ሲዘጋ ግንቡ ወደ ውጭ ይተኛል፤ የሚይዘው ርቀት የደረጃው 3 እና የግንቡ 10 ተደምሮ 13 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ካርዱ 14.8 ስለሆነ አይታይም። ግንቡን 12 ካደረጋችሁት ጉልላቱ በዳር ብቅ ይላል። ሁለቱ ደረጃዎች እኩል ካልተቆረጡ ደግሞ ግንቡ ይጣመማል፣ ደጋግሞ ሲከፈትም ይቀደዳል። ቀዳዳዎቹን ለመሸፈን ከውጭ ሌላ ወረቀት ለጥፉ፤ ሙጫው ደረጃዎቹን እንዳይነካ።

ለገና

ለገና የሚገኘው ነጻ ንድፍ አብዛኛው የበረዶ ቅንጣት ነው። በዚያው አጥፎ የመቁረጥ ዘዴ መስቀል ይወጣልና ለእኛ እሱ ይሻለናል። 21 በ21 የሆነ ወረቀት ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ አንድ አራተኛውን ንደፉ፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ሳይቆረጥ ይቅር፣ አለዚያ መስቀሉ ተበታትኖ ይወድቃል። መስኮት ላይ ሲለጠፍ ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ይገባል።

የጥምቀት ባንዲራ

ለ12 ሜትር ሲባጎ 24 ባለቀለም ኤ4 ወረቀት ይበቃል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ስምንት ስምንት። እያንዳንዱን ለሁለት ክፈሉ፣ 14.8 ስፋት በ21 ቁመት ይሆናል። ላዩን 2 ሴንቲ ሜትር ለማጠፊያ ትታችሁ ቀሪውን ወደ ሦስት ማዕዘን ቁረጡ። 48 ባንዲራ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲደረደር 9.5 ሜትር ገደማ ይይዛል፤ ቀሪው ሲባጎ ለማሰሪያ ነው። ወረቀቱ በሁለቱም ፊት ቀለም ያለው ይሁን፤ በአንድ ፊት ብቻ ቀለም ያለው ንፋስ ሲገለብጠው ነጭ ሆኖ ይታያል።

የጥር ንፋስ የዱቄት ሙጫን ያላቅቃል፤ ማጠፊያውን በስቴፕለር ምቱት፣ አንዱ ምት ሲባጎውን ራሱን ይውጋ። ካልወጋው ሲባጎው ሲረግብ ባንዲራዎቹ ሁሉ ተንሸራተው መሐል ላይ ይከመራሉ። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር አታስሩት፣ በአጠገቡም አታሳልፉት። የሚሰቀልበት ከፍታ ከታቦቱ ጥላና ከመስቀሉ በላይ ይሁን። ከሳምንት በፊት የተሰቀለ በፀሐይ ስለሚደበዝዝ ጥር 9 ማታ ወይም የከተራ ዕለት ጠዋት ስቀሉት።

ጥር 12 ሚካኤል ከገባ በኋላ አውርዱት፤ የተቀደደው ወረቀት ወደ ቀሃ ወንዝ እንዳይሄድ ከመንገዱ ላይ ልቀሙ። ያልተበላሸውን ሲባጎ ጫማ ካርቶን ላይ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ጠምጥሙት፤ ተጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ የገባ ሲባጎ በዓመቱ ሲወጣ ተወሳስቦ ባንዲራውን ሁሉ ይቀድዳል።